ክብደት ሳትጽፉ መድኃኒት አትዘዙ፦ ለሕፃናት ሕክምና የአንደኛ ዓመት ሬዚደንቶች

በጎንደር፣ በጅማ፣ በሐዋሳ ወይም በባሕር ዳር ማስተማሪያ ሆስፒታሎች የሕፃናት ሕክምና ስፔሻሊቲ ሦስት ዓመት ይወስዳል። የሚከብደው የመጀመሪያው ነው። አዲስ ገቢ ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም) አብዛኛውን ጊዜ ለብርቅ በሽታ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ የሲንድረም ስም በቃሉ ይዟል፣ የልብ ድምፅ ለመለየት ጆሮውን አስልቷል። በዱቲ (ተረኝነት) ሌሊት ልጅ የሚነጥቁን ግን ተራ ነገሮች ናቸው፦ ያልተለካ ስኳር፣ የቀዘቀዘ ገላ፣ ሳይታይ ያለቀ የኦክስጅን ሲሊንደር፣ ነጥቡ የተዛነፈ መጠን፣ በርክክብ ላይ ያልተነሳ አልጋ። ይህ መመሪያ ስለነዚህ ነው። ክፍላችሁ የራሱ ፕሮቶኮል ካለውና ከዚህ ከተለየ፣ የክፍላችሁን ተከተሉ።

ኪሎና ዕድሜ

ሪፈር ወረቀት ላይ ያለውን ክብደት አትገልብጡ። ከሳምንት በፊት ጤና ጣቢያ የተመዘነ፣ ወይም በዓይን የተገመተ ሊሆን ይችላል። ልጁን አራቁታችሁ፣ ሚዛኑን ዜሮ ላይ አድርጋችሁ መዝኑና እስከ 100 ግራም ድረስ ጻፉ፤ ጨቅላ ከሆነ እስከ 10 ግራም። የሕፃናት ሚዛን ይበላሻል። ያኔ እናትየዋን ልጁን እንዳቀፈች መዝኑ፣ ቀጥሎ ብቻዋን፣ ከዚያ ቀንሱ። ጋቢዋን በሁለቱም ጊዜ ትልበስ፣ ወይም በሁለቱም ጊዜ ታውልቅ፤ የጋቢው ክብደት ስሌቱን ያዛንፋል።

ለመመዘን ጊዜ የማይሰጥ ድንገተኛ ሲገባ መገመት ግድ ነው። ከ1 እስከ 10 ዓመት ላለ ልጅ ዕድሜው ላይ 4 ደምሮ በ2 ማባዛት የተለመደ ነው። ቀመሩ ግን በደንብ የበላ ልጅ ቀመር ስለሆነ የቀጨጨውን አክብዶ ያሳያል፤ ልጁ እንደተረጋጋ መዝኑትና ትዕዛዙን አስተካክሉ።

ዕድሜ ሁለተኛው ወጥመድ ነው። እናቶች ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይነግሯችኋል፤ የላብራቶሪ ማሽን ደግሞ በፈረንጅ ያትማል። ለሁለት ዓመት ልጅ አይጎዳም። ለጨቅላ ግን አንድ ቀን ሕክምና ይቀይራል፤ የቢሊሩቢን (ጨቅላን ቢጫ የሚያደርገው ንጥረ ነገር) ውጤት ትርጉም የሚኖረው ከተወለደ ስንት ሰዓት እንደሆነው ሲታወቅ ነው። ከቀኑም ይልቅ ሰዓቱ ይብሳል። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ ያንቀጠቅጠዋል» ያለችውን እናት ኢንተርኑ (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪው) «8፡00» ብሎ ጽፎ ካለፈ፣ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ካርዱን ያነበበ ሲኒየር (የበላይ ሐኪም) በፈረንጅ አስልቶ ሁለት ሰዓት የሆነው ይመስለዋል። ልጁ ግን ስምንት ሰዓት ሲንቀጠቀጥ ቆይቷል። ካርድ ላይ አንዱን አቆጣጠር ምረጡ፤ በአገርኛ ከጻፋችሁ «ከሌሊቱ»፣ «ከጠዋቱ» የሚለውን አትተዉ።

ነጥብና ዜሮ

የሕፃናት ዋርድ ትልቁ የመድኃኒት ስህተት አሥር እጥፍ ነው፤ የሚመጣውም ለአዋቂ ከተሠራ አምፑል ነው። ጄንታማይሲንን እንይ። አምፑሉ በ2 ሚሊ ሊትር 80 ሚሊ ግራም ይይዛል፣ አንድ ሚሊው 40 ማለት ነው። በመጀመሪያ ሳምንቱ ላይ ያለ 2 ኪሎ ጨቅላ በኪሎ 3 ሚሊ ግራም ሲታዘዝለት የሚወስደው 6 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 0.15 ሚሊ ሊትር ነው። ይህን በ5 ሚሊ ሲሪንጅ መለካት አይቻልም። ስለዚህ 1 ሚሊ ሊትር ቅዱና በመርፌ ውሃ እስከ 10 ሚሊ ሊትር ሙሉት፤ አሁን አንድ ሚሊው 4 ሚሊ ግራም ሆነ። የሚሰጠው 1.5 ሚሊ ሊትር ነው፣ ለዓይንም ይታያል። ትዕዛዙ ላይ በኪሎ ስንት እንደሆነ፣ ጠቅላላ ሚሊ ግራሙን፣ አበራረዙን፣ የሚሰጠውን ሚሊ ሊትር፣ አራቱንም ጻፉ። ከነጥብ በፊት ዜሮ ይኑር። ከሙሉ ቁጥር በኋላ ግን ነጥብና ዜሮ አትጨምሩ፤ በደከመ ዓይን «6.0» «60» ሆኖ ይነበባል።

የሌሊት ነርስ «ዶክተር፣ ይሄ አልበዛም?» ስትል እንደገና አስሉ። ከአንድ ተረኛ ሬዚደንት ይልቅ አሥር ዓመት ዋርዱ ላይ የቆየች ሲስተር መጠን ሲዛነፍ ቶሎ ታያለች።

የጠብታው ስሌት አጭር ነው። በማይክሮ ሴት (ጠብታው ትንሽ በሆነው የፈሳሽ መስጫ ቱቦ) 60 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ስለሆነ፣ የሰዓቱ ሚሊ ሊትር ከደቂቃው ጠብታ ጋር እኩል ነው። በ20 ጠብታው የአዋቂ ሴት የሰዓቱን ሚሊ ሊትር ለ3 አካፍሉ። ቡሬት (ፈሳሹን የሚለካው ትንሽ መያዣ) ከሌለ ሙሉ ከረጢት ልጅ ላይ አትስቀሉ፤ የሚያስፈልገውን አስቀርታችሁ ትርፉን ድፉ። እናትየዋ ልጇን ስትገለብጥ የጠብታው መቆጣጠሪያ ይላላል፣ ግማሽ ሊትርም በአንድ እንቅልፍ ያልቃል።

መጀመሪያ ስኳር

ራሱን የሳተ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ የቀዘቀዘ ወይም መጥባት ያቃተው ልጅ ሲገባ ጣቱን ሳትወጉ ስለ ሌላ በሽታ አታስቡ። በደንብ ለበላ ልጅ ከ45፣ በምግብ እጥረት ለተጎዳ ከ54 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ዝቅ ብሏል። የመለኪያው ስትሪፕ ካለቀ ዝቅ እንዳለ ቆጥራችሁ አክሙ። የሚሰጠው 10 በመቶ ግሉኮስ፣ በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር በደም ሥር ነው፤ ለጨቅላ በኪሎ 2።

10 በመቶው ብዙ ጊዜ ፋርማሲ የለም፣ ሳጥኑ ውስጥ የሚገኘው 40 በመቶው ነው። አንድ እጅ 40 በመቶ ከሦስት እጅ የመርፌ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 10 በመቶ ይሆናል። ለ10 ኪሎ ልጅ 50 ሚሊ ሊትር ለማዘጋጀት 12.5 ከ40 በመቶው፣ 37.5 ከውሃው። በእጃችሁ ያለው 5 በመቶ ከረጢት ከሆነ አንድ እጅ 40 በመቶ ለስድስት እጅ 5 በመቶ ይደባለቃል። 40 በመቶውን ሳትበርዙ አትስጡ፤ የልጅ ደም ሥር ያቃጥላል፣ ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጠው ቱቦ) ካፈተለከ ደግሞ ሥጋ ይቆርጣል። ከ30 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ቀጣዩን ምግብ ሳታዝዙ ከሄዳችሁ ስኳሩ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተመልሶ ይወርዳል፤ ጠዋት «ሕክምናው አልሠራም» የሚባለው ይኸው ነው።

ከስኳሩ በኋላም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዲያዜፓም በፊንጢጣ በኪሎ 0.5 ሚሊ ግራም። አምፑሉ በሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ ለ10 ኪሎ ልጅ 1 ሚሊ ሊትር ይበቃል። መርፌ በሌለው 1 ሚሊ ሲሪንጅ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር አስገቡ፣ መቀመጫውን ለጥቂት ደቂቃ ገጥማችሁ ያዙ፤ አለበለዚያ መድኃኒቱ ሽንት ጨርቅ ላይ ይቀራል። 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ካልቆመ ድገሙ። ከሁለተኛው በኋላ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ ትንፋሽ የሚሰጥ ከረጢት) አልጋው ላይ ይቀመጥ፤ ትንፋሽ ሊቆም ይችላል። ለጨቅላ የመጀመሪያ ምርጫ ዲያዜፓም ሳይሆን ፌኖባርቢታል ነው፣ በኪሎ 20 ሚሊ ግራም።

ፈሳሽ የሚያድነውና የሚገድለው

በ2011 እ.ኤ.አ. በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ የተካሄደ ትልቅ ጥናት ውጤት ሲወጣ የብዙ ሐኪም ልማድ ተናግቷል። ትኩሳት ይዟቸው የደም ዝውውራቸው ከተዳከመ ልጆች መካከል ፈጣን ፈሳሽ ከተሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ 10.6 በመቶ ሞቱ፤ ካልተሰጣቸው 7.3 በመቶ። ስለዚህ እጁ የቀዘቀዘ ሁሉ ሾክ (ደም ለሰውነት በበቂ የማይደርስበት አደጋ) ውስጥ ነው ማለት አይደለም። የቀዘቀዘ እጅ፣ ተጭነን ስንለቀው ቅላቱ ለመመለስ ከ3 ሴኮንድ በላይ የሚቆይ ጥፍር፣ ደካማና ፈጣን የደም ሥር ምት፣ ሦስቱ በአንድ ላይ ሲገኙ ነው ሾክ የምንለው። ያኔም በኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ፣ አጠገቡ ቆማችሁ። ደሙ በጣም ያነሰ ልጅ የሚፈልገው ደም ነው፤ የደም ባንክ ጥያቄውን ፈሳሹ ሳያልቅ ላኩ፣ ዘመዶቹንም ያኔውኑ አነጋግሩ። በተቅማጥ ደርቆ የመጣ ልጅ ግን ሌላ ነው፣ ለእሱ ፈሳሽ መሰሰት ሌላ ስህተት ነው።

በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዳው ልጅ

ሬዚደንት የሚፈተነው እዚህ ነው፤ ብዙ መሥራት የለመደ እጅ ጥቂት እንዲሠራ ይጠየቃል። የልጁ ልብ ደክሟል፣ ሰውነቱ ጨው ማስወጣት አቅቶታል፣ ጉበቱ ስኳር አላጠራቀመም።

በማረጋጊያው ጊዜ የሚሰጠው ኤፍ-75 ወተት ነው፦ እብጠት ለሌለው በኪሎ በቀን 130 ሚሊ ሊትር፣ ከባድ እብጠት ላለው 100። 6 ኪሎ የሆነ እብጠት የሌለው ልጅ በቀን 780 ሚሊ ሊትር ይወስዳል፤ በየሦስት ሰዓቱ ስምንት ጊዜ ሲከፈል በአንዴ 100 ገደማ ነው። በአገርኛ ሰዓት 12፣ 3፣ 6፣ 9 ብላችሁ አስቀምጡት፣ እናትየዋም ታስታውሰዋለች። ሥርዓቱ የሚፈርሰው ከሌሊቱ 6 እና 9 ሰዓት ላይ ነው። ቻርቱ ላይ ምልክት ይደረጋል፣ ወተቱ ግን ኩባያ ውስጥ በርዶ ያድራል። በዱቲ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነስታችሁ ኩባያዎቹን እዩ። እናትየዋ ራሷ ራት እንዳልበላች፣ ቤት የተወቻቸው ልጆች እንዳሉና እንደምትጨነቅ የምታውቁትም ያኔ ነው፤ እናት አቋርጣ የምትወጣው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ልጁ ከታዘዘው ሦስት አራተኛውን ካልጨረሰ በአፍንጫው ወደ ጨጓራ የሚወርድ ቱቦ አስገቡ። በግድ አፉ ውስጥ ማፍሰስ ሳንባው ውስጥ ያስገባዋል።

ተቅማጥ ካለው ሬሶማል (ለእንዲህ ያለ ልጅ የተዘጋጀ በአፍ የሚሰጥ ፈሳሽ)፣ በመጀመሪያው ሁለት ሰዓት በየ30 ደቂቃው በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር፤ ቀጥሎ በሰዓት በኪሎ ከ5 እስከ 10፣ ከወተቱ ጋር እያፈራረቁ። በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ለሾክ ብቻ ነው፣ በኪሎ 15 ሚሊ ሊትር በአንድ ሰዓት። በእያንዳንዱ ጊዜ ትንፋሹንና ምቱን ቁጠሩ። ትንፋሹ በ5፣ ምቱ በ25 ከጨመረ በዝቶበታል፣ አቁሙ።

በየዓመቱ የሚደጋገሙ ሦስት ጥፋቶች አሉ። እብጠቱን ለማጉደል ፉሮሰማይድ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) ማዘዝ፦ እብጠቱ የሚወርደው በምግቡ ነው። ደሙ አነሰ ብሎ በመጀመሪያው ሳምንት የብረት ሽሮፕ መጀመር፦ የምግብ ፍላጎቱ ተመልሶ ኪሎ መጨመር እስኪጀምር ይቆይ። ልጁ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ማጠብ፦ ገላው በብብት ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ በእናቱ ደረት ላይ ይለጠፍ፣ ኮፍያ ይደረግለት፣ አልጋው ከመስኮት ይራቅ።

ኦክስጅን

ማታ ዱቲ ስትረከቡ ሲሊንደሩን ራሳችሁ እዩ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሲሊንደሩ የውሃ መጠን በሊትር ሲባዛ በጌጁ ላይ ባለው ባር። 40 ሊትር ሲሊንደር 100 ባር ላይ ካለ 4,000 ሊትር ይዟል፤ አንድ ልጅ በደቂቃ 2 ሊትር ሲወስድ 33 ሰዓት ገደማ ይቆያል፤ በማከፋፈያ አራት ልጆች ከተያያዙ ግን ከስምንት ሰዓት ትንሽ በላይ ነው። ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን የሚለይ ማሽን) መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ ስለዚህ የሲሊንደሩ መክፈቻ ቁልፍ የት እንዳለ ከማታው ጠይቁ። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ቁልፉ በጠባቂው ኪስ ሲገኝ ይዘገያል።

በአፍንጫ ቱቦ ለጨቅላ በደቂቃ ከ0.5 እስከ 1 ሊትር፣ ለሕፃን ከ1 እስከ 2 ሊትር። ሳቹሬሽኑ (የደሙ ኦክስጅን በመቶኛ) ሲወርድ ሊትሩን ከመጨመራችሁ በፊት አፍንጫው በንፍጥ መደፈኑን፣ ቱቦው መታጠፉን፣ ኦክሲሜትሩ በቀዘቀዘ እግር ላይ መደረጉን እዩ። በአረፋ ሲፓፕ (በአፍንጫ የማያቋርጥ ግፊት የሚሰጥ መሣሪያ) ላይ አረፋው ካቆመ ግፊት የለም ማለት ነው፤ የአፍንጫው ቱቦ ከአፍንጫው ቀዳዳ አንሶ ይሆናል፣ አፉ ተከፍቶ ይሆናል፣ ወይም ውሃው ጎድሎ የቱቦው ጫፍ ከውሃው ወጥቶ ይሆናል። ያለጊዜው ለተወለደ ሕፃን ሳቹሬሽን ከ90 እስከ 95 ይበቃል፤ ከዚያ በላይ እንዲሆን መታገል ዓይኑን ይጎዳል።

ጨቅላዎች ክፍል ረጅም ሮቴሽን ነው፣ ሲኒየሮች አልጋው ላይ ያስተምሩታል፤ እዚህ ሁለት ነገር ብቻ። ማዋለጃ ክፍል ተጠርታችሁ ስትሄዱ አምቡ ባጉን መዳፋችሁ ላይ ተጭናችሁ ፈትኑ፣ ማስኩ 0 ወይም 1 ቁጥር መሆኑን እዩ፤ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ስትነፉ ደረቱ ካልተነሳ ጥፋቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የማስኩ አያያዝ ወይም የአንገቱ አቀማመጥ ነው። ሁለተኛው፣ የካንጋሮ እንክብካቤ (ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ማቆየት) ሕፃኑ እስኪረጋጋ አይጠብቅም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ከተወለደ ጀምሮ ወዲያው እንዲጀመር መክሯል።

እናትን ማናገር

ሕመሙን የሚነግራችሁ የእናትየዋ ቃል ነው፣ ቃሉን ደግሞ በሷ አፍ ማወቅ አለባችሁ። «ያንቀጠቅጠዋል» ስትል ብርድ ብርድ ማለቱም ሊሆን ይችላል፣ ራሱን ስቶ መንፈራገጡም። «ሲንቀጠቀጥ ስትጠሪው ያይሻል?» በሉ፤ መልሱ ይለየዋል። «ያስመልሰዋል» ስትል ማቅረሸቱ ነው ወይስ ማስታወኩ? የልብ ድካም ስትጠረጥሩ «ሲጠባ ያልበዋል? እያረፈ ነው የሚጠባው?» ብላችሁ ጠይቁ።

እንጥል ማስቆረጥንና ግግ ማስወጣትን በቁጣ ከጠየቃችሁ መልሱ «የለም» ነው። «ሕፃን ሲታመም በእናንተ አገር ምን ይደረግለታል?» ብትሉ ትነግራችኋለች፤ ለጨቅላው ቅቤ ተሰጥቶት እንደሆነ፣ እንገሩ ታልቦ ፈሶ እንደሆነም አብሮ ይወጣል። ደም የሚፈሰውና ትኩሳት የያዘው ጨቅላ ሲገባ ይህ ጥያቄ ከላብራቶሪ ይቀድማል። አያት አብራ ካለች «እርስዎ» እያላችሁ አስረዷት፤ የመቆየትና የመውጣት ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሷ ነው። ጅማ ወይም ሐዋሳ ከተመደባችሁ የአካባቢውን ቋንቋ ሃያ ጥያቄ በመጀመሪያው ወር አጥኑ፤ የዘጠኝ ዓመት እህቱን አስተርጓሚ ማድረግ አይሆንም።

ርክክብና ስልክ

ርክክብ ከአልጋ ቁጥር 1 አይጀምርም፣ ከባሰው ልጅ ይጀምራል። ለእያንዳንዱ ከባድ ታማሚ ምን እንዳለው ሳይሆን ሌሊት ምን እንደሚጠበቅበትና በስንት ሰዓት ምን እንደሚደረግ ይነገር። «ይታይ» የሚል ርክክብ ማንም አያየውም። «3 ሰዓት ላይ ስኳር ይለካ፣ ከ54 በታች ከሆነ ይደወል» የሚለው ይሠራል።

ሲኒየር ሌሊት መጥራት አያሳፍርም። ታሪክ እያንዛዙ መደወል ግን ሁለታችሁንም ያደክማል። እንዲህ በሉ፦ «አልጋ 7፣ የ8 ወር፣ 6.2 ኪሎ፣ ከባድ የሳንባ ምች። በ2 ሊትር ኦክስጅን 84 ነው፣ ከአንድ ሰዓት በፊት 91 ነበር። አፍንጫውንና ቱቦውን አይቻለሁ። ሲፓፕ ልጀምር ነው፣ ይምጡልኝ።» የደወላችሁበትን ሰዓትና የተባላችሁትን ካርዱ ላይ ጻፉ።

ልጅ ሲሞት

ለእናት ብቻዋን አትንገሩ። በአገራችን መርዶ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው፤ የሆስፒታል ኮሪደርም ይህን ልማድ አይሽረውም። ባልዋን፣ ወንድሟን፣ ካልሆነ ከአጠገብ አልጋ ያለችውን አስታማሚ ጥሩ፤ አስቀምጧት፣ እናንተም ተቀመጡ። ልጁ እየባሰበት ከሆነ ቀደም ብላችሁ «በጣም ከብዶታል» ማለት ከድንገተኛው ቃል ይሻላል። ቃሉ ሲነገር ግልጽ ይሁን፤ «አልቻልንም» የሚለውን ብዙዎች «ወደ ሌላ ሆስፒታል ይሂድ» ብለው ይረዱታል። ካኑላውንና ቱቦዎቹን ነቅላችሁ፣ ፊቱን ጠርጋችሁ፣ ሸፍናችሁ ስጧት። የሞት ወረቀቱን ወዲያው ፈርሙ፤ ብዙዎቹ አስከሬኑን ይዘው ሩቅ ገጠር የሚገቡ ናቸው፣ መኪናም ሳይመሽ ነው የሚገኘው።

የመመረቂያ ጥናት

ርዕስ ስትመርጡ ፕሮፖዛል ከመጻፋችሁ በፊት ካርድ ክፍል ገብታችሁ 20 ካርድ አስወጡ። የምትፈልጉት መረጃ፣ ለምሳሌ በገባበት ሰዓት የተለካ ሙቀት ወይም የተወለደበት ክብደት፣ ከሃያው በስንቱ ላይ ተጽፏል? በግማሹ ከሌለ ርዕሱን ቀይሩ፣ ወይም ከአሁን ጀምሮ ራሳችሁ በምትሞሉት ፎርም ወደፊት የሚሰበሰብ አድርጉት። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳይመጣ የተሰበሰበ መረጃ አይቆጠርም፣ ፈቃዱም ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ ፕሮፖዛሉ በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ ገቢ ይሁን። ሎግ ቡኩን (የሠራችሁት የሚመዘገብበትን ደብተር) በየቀኑ አስፈርሙ። የወገብ ፈሳሽ ቀድታችሁ በሦስተኛው ወር ፊርማ ስትጠይቁ ያየው ሲኒየር ሮቴሽን ቀይሮ ይገኛል።